ጋዋኑን አውልቁለት!

የትምህርት ዘመን ሲዘጋ በየፎቶ ቤቱ በር የሚቆመውን ሰልፍ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ከመዋዕለ ሕፃናት «የተመረቁ» የስድስት ዓመት ዶክተሮች ናቸው። ጥቁሩ ጋዋን መሬት ይጠርጋል፤ ቆቡ ዓይን ላይ ወርዷል፤ በእጅ የተጠቀለለ ባዶ ወረቀት አለ። አዲስ አበባም ይኸው ነው፤ ከጭሮ ወደ ገለምሶ መንገድ ላይ ያለችው በደሳም ይኸው ነው። «ቀጥ በል! አትሳቅ!» ይላል አባት። ቀጭ! አለቀ። ልጁ ሳይኖርበት የልጁ ፎቶ ተነሣ።

ጠቤ ከጨርቁ ጋር አይደለም። ልጅማ ሌላ ሰው መሆን ይወዳል። የበደሳ ልጅ ከማሽላ አገዳ መነጽር ሠርቶ ሐኪም ይሆናል፤ የአባቱን ሽርጥ አገልድሞ የቡና ነጋዴ ይሆናል። የእናቷን ሻሽ ያሰረችው እኅቱ በእቃ እቃ ጨዋታዋ ቤት ታስተዳድራለች፤ ጎረቤት ጠርታ ቡና ታፈላለች። ይህን አለባበስ ማንም አላከራያቸውም፤ ከገዛ ሐሳባቸው የወጣ ነው። ታዲያ ይህን ማን ፎቶ ያነሣዋል? ፎቶ ቤት ሲኬድማ «ይህን ቆሻሻ ጣል!» ተብሎ መነጽሩ ይሰበራል።

በሽታው አዲስ አይደለም። ሐረርጌ ተወልዶ ያደገው ልጅ ተፈሪ መኰንን በ1898 ዓ.ም.፣ ገና በ13 ዓመቱ፣ የጋራ ሙለታ ደጃዝማች ተባለ። ከአባቱ ከራስ መኰንን ጋር በተነሣው የልጅነት ፎቶግራፍ የምናየውም ትንሽ መኰንን ነው። ምን ይጫወት፣ ምን መሆን ያምረው እንደነበር ፎቶው አይነግረንም። ኋላ ዛሬ ጭሮ የምንላት ከተማ በስሙ «አሰበ ተፈሪ» ተባለች። ትልቁ ተፈሪ ያሰበው በከተማ ስም ተጻፈ፤ ትንሹ ተፈሪ ያሰበው ግን የት አለ?

ያችን ከተማ የቆረቆሩት የጨርጨሩ ገዥ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ደግሞ በ1910ዎቹ «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በተባለው ቴአትራቸው አውሬ እያናገሩ የሹማምንቱን ጉድ ያሳዩ ሰው ናቸው። ቴአትሩ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ሌላ መስሎ መታየት የልጅ ቀልድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቤተ መንግሥት ምን አስደነገጠው?

«እኛ ያላገኘነውን ትምህርት ልጃችን እንዲያገኝ ብንመኝ ምን ነውር አለው?» የሚል ወላጅ አይጠፋም። ነውር የለውም። ግን ምኞቱ የወላጅ ነው፤ የልጅ ፎቶ ተብሎ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ስለ ምን? አንድ ጥቅል ፊልም ቢበዛ 36 ፎቶ በሚያነሣበት፣ እጥበቱም ገንዘብ በሚጠይቅበት ዘመን፣ ያችን አንዲት ፎቶ በክት ልብስ መነሣት ያስኬድ ነበር። ዛሬ ስልክ በየኪሱ አለ። ሰበቡ አብቅቷል።

እናንተም ፎቶ አንሺዎች፣ ጋዋን ማከራየቱ እንጀራችሁ ነው፤ አልነጥቃችሁም። ብቻ ልጁን ወንበሩ ላይ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁት፦ «ዛሬ ማን ነህ?» አንበሳ ነኝ ካለ እንዳገሣ አንሡት። ሾፌር ነኝ ካለ የድስቱን ክዳን መሪ አድርጎ ይያዝ። ከ30 ዓመት በኋላ አልበሙን ሲገልጥ የሚፈልገው ያንን ልጅ ነው። ጋዋኑንማ ሲደርስ ራሱ ይለብሰዋል።