«ለምን?» ለሚል ልጅ ምን እንመልስለት?

በመንዝ ደጋ የምትኖር አንዲት እናት ማታ ባቄላ ጥዳ እሳቱን ስትቆሰቁስ፥ ትንሽ ልጅዋ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ፥ «እማዬ፥ ባቄላው ለምን ቶሎ አይበስልም? ቆላ አክስቴ ቤት እኮ ቶሎ ነበር የሚበስለው» ብሎ ቢጠይቃት ምን ትመልስለታለች? ብዙዎቻችን የለመድነው መልስ የታወቀ ነው። «ዝም ብለህ ተቀመጥ፤ ልጅ በሁሉ ነገር አይገባም» እንላለን። ልጁም ይታዘዛል። ዛሬ አፉ ዝም ይላል፤ ነገ ደግሞ ልቡ ዝም ማለትን ይለምዳል።

ውድ አንባብያን፥ የልጁ ጥያቄ የሚናቅ ጥያቄ አልነበረም። ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በመንዝ ደጋ ግን አየሩ ስስ ስለ ሆነና በውኃው ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ስለሚቀንስ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አንድ ጊዜ ከፈላ በኋላም ምንም ያህል ማገዶ ቢጨመርበት ከዚያ በላይ ስለማይሞቅ፥ ባቄላው እስኪበስል ብዙ ጊዜ ይፈጃል። እንግዲህ ሕፃኑ በምድጃ ዳር ሆኖ ያስተዋለው ነገር፥ ሊቃውንት በመጽሐፍ ጽፈው የሚያስተምሩት ነው። የጐደለው «እስቲ አንተ ምን ይመስልሃል?» የሚለው ሰው ብቻ ነው።

በዚህ ወር የምንነጋገረው በጥያቄና በምርመራ ስለሚሰጥ ትምህርት ነው። ይኸውም መምህሩ የተናገረውን ተማሪው ገልብጦ፥ የገለበጠውንም በፈተና ቀን መልሶ ከሚጽፍ ይልቅ፥ ራሱ ጥያቄ አንሥቶ፥ ይሆናል ያለውን ገምቶ፥ በዓይኑ አይቶና በእጁ ለክቶ ያገኘውን ለጓደኞቹ የሚያስረዳበት፥ መምህሩም የጐደለውን እየሞላና የተጣመመውን እያቀና የሚመራበት የማስተማር መንገድ ነው።

ይህ አሳብ በሌላውም ዓለም ዘመናት ያስቈጠረ ነው። አባቶቻችን ወደ ዓድዋ በዘመቱበት በ1888 ዓ.ም. ጆን ዲዊ የተባለው አሜሪካዊ ፈላስፋ በቺካጎ ከተማ አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ከፍቶ፥ ልጆች ምግብ በማብሰል፥ እንጨት በመሥራትና በመስፋት፥ ከሥራውም በሚነሣው ጥያቄ እንዲማሩ አደረገ። በአገራችንም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የተማሪው ችግርን የመፍታት ችሎታ እንዲዳብር ያዝዝ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. በሥራ ላይ መዋል የጀመረው ሥርዐተ ትምህርትም ወደዚሁ ያዘነብላል። ይሁን እንጂ በወረቀት የተጻፈው ወደ ክፍል ውስጥ ለመግባት ብዙ ዘገየ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ከግማሽ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው፥ በ2016 ዓ.ም.ም ከ5.4 በመቶ አለማለፋቸው ሁላችንንም ያሳዘነ ነው። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ስለ ሆነ ሁሉን በአንድ ጉዳይ ማላከክ አይገባም። ነገር ግን 12 ዓመት ሙሉ ቃል ሲገለብጥ የኖረ ልጅ ያልገለበጠው ጥያቄ በመጣበት ቀን መደንገጡ አይቀርም።

«ይህ የፈረንጅ ትምህርት ለእኛ ልጆች ምን ያደርጋል?» የሚል ወላጅ ቢኖር፥ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ ቤት መለስ ብሎ እንዲመለከት እንለምነዋለን። የኔታ ልጁን «ሀ ሁ ሂ» ካስቈጠሩት በኋላ፥ ፊደሉን ሳያይ በዜማ ልማድ ብቻ እንዳያነበንበው ብለው ረድፉን ለውጠው «አ ቡ ጊ ዳ» ያስቈጥሩታል። በቃል ማነብነብ ዕውቀት አለመሆኑን አባቶቻችን ያወቁት ዛሬ አይደለም ማለት ነው። የቅኔውም ተማሪ እንዲሁ ነው። አስቀድሞ ግሱንና አገባቡን ያጠናል፤ ከዚያ በኋላ ግን የመምህሩን ቅኔ መድገም አይበቃውም። ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እስከ መወድስ ድረስ የራሱን አዲስ ቅኔ ለብቻው ሆኖ ይቈጥራል፤ በመምህሩም ፊት ያቀርባል፤ መምህሩም ሰሙ ከወርቁ መግጠሙን መርምሮ ያርመዋል። በመጻሕፍት ትርጓሜ ቤትም አንዱ ኀይለ ቃል በአንድ ፍች ብቻ አይታለፍም፤ «አንድም» እየተባለ በሌላ ገጹ ይገለጣል። እንግዲህ መጠየቅና መመርመር ለኢትዮጵያ ልጅ ባዕድ ሳይሆን የአባቱ ርስት ነው።

ሌላም ስጋት አለ፤ እርሱም ከፊተኛው የበረታ ነው። «ልጅ መጠየቅን ከለመደ ታላቁን ይንቃል፤ በሃይማኖቱም ይጠራጠራል» የሚሉ ወላጆች ብዙዎች ናቸው። ስጋታቸውን አንነቅፍም፤ ከፍቅር የመጣ ነውና። ይሁን እንጂ ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ መጀመሪያ የጻፈውን እናስተውል። ካህኑ ዘካርያስ መልአኩን ጠየቀ፤ እመቤታችንም መልአኩን ጠየቀች። ዘካርያስ ስላላመነ ድዳ ሆነ፤ እመቤታችን ግን ነገሩን ለማስተዋል ስለ ጠየቀች መልስ ተሰጣት፥ መልሱንም በትሕትና ተቀበለች። ጥያቄ ሁሉ ድፍረት አለመሆኑን ከዚህ እንማራለን። ጌታችንም በ12 ዓመቱ በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማቸውና ሲጠይቃቸው እንደ ተገኘ ያው ወንጌላዊ ይነግረናል። መስማትና መጠየቅ አብረው ተጠቅሰዋል። ስለዚህ ልጃችንን ልናስተምረው የሚገባን የመጠየቅን ሥርዐት ነው፤ ታላቁን አስቀድሞ ይስማ፥ ሳያቋርጥ ይጠይቅ፥ ያልገባውንም በአክብሮት ይድገም።

በሌላ በኩል ደግሞ በአዲስ ነገር ተደስተን የቀድሞውን ሁሉ እንዳንጥል መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በ2006 እ.ኤ.አ. ኪርሽነር፥ ስዌለርና ክላርክ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች፥ ጀማሪ ተማሪን ያለ በቂ መሪ «ራስህ ፈልገህ አግኝ» ብሎ መልቀቅ እንደማይጠቅም በሰፊው አስረድተዋል። ይህም ከአባቶቻችን ልማድ ጋር ይስማማል፤ ግስ ያላጠና ተማሪ ቅኔ ቍጠር አይባልምና። የማባዛት ሰንጠረዥ፥ የፊደል ቅርጽ፥ የጸሎት ቃል በቃል መጠናት አለበት። ምርመራው የሚጀመረው በዚያ መሠረት ላይ ነው። የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፥ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ እንደ ተባለ፥ ብስሉን ከጥሬው እየለዩ ማሳየት የመምህሩ ሥራ ነው።

እንግዲህ ይህን ትምህርት በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ለማስገባት ምን ይደረግ? ከሁሉ አስቀድሞ ነገሩ የአንድ ትጉህ መምህር ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። በሦስተኛ ክፍል ጠይቅ የተባለ ልጅ በአራተኛ ክፍል ዝም በል ከተባለ፥ ግራ ከመጋባት በቀር የሚያተርፈው የለም። ስለዚህ ርእሰ መምህሩና መምህራኑ በአንድነት ተመካክረው ደረጃውን ያውጡ። የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆች በማየትና በመጠየቅ ይጀምሩ፤ የሦስተኛና የአራተኛዎቹ ይለኩ፥ ያወዳድሩ፥ በደብተርም ይመዝግቡ፤ የአምስተኛና የስድስተኛዎቹ ራሳቸው ጥያቄ መርጠው መፈተኛውን መንገድ ያዘጋጁ። ፈተናውም አብሮ ይለወጥ፤ ቃል መድገምን ብቻ የሚጠይቅ ፈተና ባለበት ልጆቹ ወደ ቃል መድገም መመለሳቸው አይቀርም።

«ተማሪው ብዙ፥ ክፍሉ ጠባብ፥ ቤተ ሙከራም የለን» የሚሉ መምህራን እውነታቸውን ነው። ሸክማቸውን እናውቃለን። ነገር ግን በሳምንት አንድ ጥያቄ፥ በአንድ ክፍለ ጊዜ ቢጀመር ይበቃል። ቤተ ሙከራውም በደጃቸው ተዘርግቷል። በግሼ ደጋ ውርጭ ባደረበት ማለዳ፥ ከተረተሩና ከሸለቆው ጓል የትኛው የበለጠ እንደ ነጣ ልጆቹ ወጥተው ይዩ፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለ ሆነ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ እንደሚወርድ ከዚያ ይማራሉ። በመርሐቤቴ ያሉት ደግሞ ከጃማ ሸለቆ ማሽላ ተነሥተው ወደ ላይ እስከ ገብሱ አገር ድረስ አዝመራው ለምን እንደሚለዋወጥ ይጠይቁ። በ1,000 ሜትር ከፍታ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ ሲነገራቸው፥ ያዩትን ከሰሙት ጋር ያጋጥማሉ።

የመንዝ ልጆችማ ከሩቅ አገር ሊቃውንት እየመጡ የሚማሩበት ጓሳ አላቸው። አባቶች በቀሮ ሥርዐት የጓሳውን ሣር ለዓመታት እየዘጉ፥ ለቤት ክዳንና ለገመድ በደረሰ ጊዜ ብቻ እየከፈቱ ያቈዩት ምድር ነው። ሥርዐቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቢፈርስም የአገሩ ሰው ጥበቃውን እንደ ገና አደራጅቶ ይዞታል። በዚህ ምድር ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል በዝግታ ሲመላለስ፥ ግልገሎቹንም ሳይነካ ሲውል ይታያል። ተመራማሪዎች «ለምን?» ብለው ተከታትለው ቈጠሩ። በ2015 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙትም፥ ቀበሮው በጭላዳዎቹ መካከል ሆኖ አይጥ ለመያዝ ከሞከረው 67 በመቶው ሲሳካለት፥ ብቻውን ሲሆን ግን የተሳካለት 25 በመቶው ብቻ ነው። ይህን ለማወቅ ያስፈለገው ዓይን፥ ደብተርና ትዕግሥት ነበር። በዚያው ሜዳ በግ የሚጠብቅ እረኛ ዓይኑም ትዕግሥቱም አለው፤ ደብተሩን የምንሰጠውና ቈጥረህ ጻፍ የምንለው እኛ ነን።

መምህሩም ሆነ ወላጁ የማያውቀው ጥያቄ ሲመጣበት እንዳያፍር እንመክራለን። «አላውቀውም ልጄ፤ አብረን እንፈልገው» ማለት ክብርን አይቀንስም። ይልቁንም የሐሰት መልስ የሰጠ ታላቅ፥ ልጁ እውነቱን ባወቀ ቀን ይናቃል።

ይህ ጉዳይ ዛሬ ከምንጊዜውም ይልቅ ቤተ ሰብን ይመለከታል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፥ እጅግ ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ተለይተዋል። የትምህርት ቤት ደጅ ቢዘጋም የምድጃው ዳርና የማሳው ድንበር አይዘጋም። ፊደል የቈጠረው ታላቅ ወንድም ታናሹን ያስቈጥር፤ አባት ከእርሻ ሲመለስ፥ እናትም እንጀራ ስትጋግር የልጁን ጥያቄ በትዕግሥት ይስሙ። ይህ መምህርን አይተካም፤ የልጁ አእምሮ ግን መምህሩ እስኪመለስ ድረስ እንዳይቀዘቅዝ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ ለዚህ ወር አንድ የቤት ሥራ እንሰጣለን። እናት ራስዋ በሦስት እኩል ጣሳዎች እኩል የሞቀ ውኃ ትቅዳ። አንዱን ባዶውን ትተዉ፥ ሁለተኛውን በነጠላ፥ ሦስተኛውን ከመንዝ በግ ጠጕር በተሠራ ባና ጠቅልሉ። የትኛው ቶሎ እንደሚቀዘቅዝ ልጆች አስቀድመው ይገምቱ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ገልጣችሁ በእጃችሁ ፈትኑት። ባናው በጠጕሩ መካከል አየር ስለሚይዝ ሙቀቱ ቶሎ እንዳይወጣ ይከለክላል። ከዚያ በኋላ በረዶ በወረደ ቀን፥ ከበረዶው እኩል እኩል አድርጋችሁ ግማሹን በባና ጠቅልሉት፥ ግማሹን በሣሕን ላይ ተዉት። ባና የሚያሞቅ ከሆነ የተጠቀለለው በረዶ ቶሎ ይቀልጣል ወይስ ይዘገያል? የዚህን መልስ አንነግራችሁም። ከልጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ተከራከሩ፥ ከዚያም በዓይናችሁ እዩ።

በዚያች ሰዓት ልጁ ገምቶ ሳይሆንለት ቢቀር አትሳቁበት፤ «እንግዲህ ለምን እንዲህ ሆነ?» በሉት። ሰማይና ምድርን በጥበብ የፈጠረ እግዚአብሔር፥ ሥራውን አይተው የሚያደንቁ፥ አድንቀውም የሚመረምሩ፥ መርምረውም የሚያመሰግኑ ልጆች እንዲያደርግልን ፈቃዱ ይሁን፤ አሜን።