የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሥልጣን ከወዴት ነው?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

በሬዲዮና በጋዜጣ «የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ይህን አዘዙ፤ ያንን ከለከሉ» የሚል ወሬ በተሰማ ቍጥር ተማሪዎቼ አንድ ጥያቄ ያቀርቡልኛል፤ ይኸውም «እኚህ ሰው የወደዱትን ሁሉ ለማድረግ ይችላሉን?» የሚል ነው። ከእኛ ከመምህራን መካከል እንኳ እኩሌቶቹ «አዎን፣ ይችላሉ» ሲሉ እኩሌቶቹ «ያለ ምክር ቤት ፈቃድ እጃቸውን አያነሡም» ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች ከእውነቱ የያዙት ግማሹን ስለ ሆነ፣ የመሰለኝን ጽፌ ልኬአለሁና በጋዜጣችሁ ላይ ቦታ ሰጥታችሁ ታወጡልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በ1787 የተጻፈው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ለፕሬዚዳንቱ ለራሱ የሰጠው ሥልጣን ሲቈጠር ብዙ አይደለም። የጦር ሠራዊቱ ጠቅላይ አዛዥ ነው፤ በማዕከላዊው መንግሥት ሕግ ላይ ለበደለ ሰው ምሕረት ያደርጋል፤ ሚኒስትሮችንና አምባሳደሮችን በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ስምምነት ይሾማል፤ ምክር ቤቶቹ የተስማሙበትን ሕግ አልፈርምም ብሎ ለመመለስ ይችላል። ግብር መጣል፣ ገንዘብ መመደብ፣ ከውጭ አገር ጋር የሚደረገውን ንግድ በሕግ መምራት፣ ጦርነት ማወጅ ግን የኮንግሬስ ሥራ ነው። ታዲያ በየዕለቱ የምንሰማው ያ ሁሉ ትእዛዝ ከወዴት መጣ ቢባል፣ አብዛኛው ኮንግሬስ ራሱ በሕግ ለፕሬዚዳንቱ ያዋሰው ሥልጣን ነው። እንግዲህ አንድ ትእዛዝ ሲወጣ መጠየቅ የሚገባው ሰውየው ምን ያህል ኀይለኛ ነው ተብሎ ሳይሆን፣ በእጁ የያዘው የትኛውን ሕግ ነው ተብሎ ነው።

ሕግ ሳይዝ የተነሣ ፕሬዚዳንት ምን እንደሚገጥመው ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው በ1952 የሆነው ነገር ነው። የእኛም የቃኘው ወታደሮች በተሰለፉበት በኮርያ ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ ለማቆም ተነሡ። ፕሬዚዳንት ትሩማንም ለጦሩ የሚያስፈልገው ብረት እንዳይጓደል ሰግተው፣ አፕሪል 8 ቀን መንግሥት ፋብሪካዎቹን እንዲይዝ የንግድ ሚኒስትራቸውን አዘዙ። በጦር ሜዳ ወታደር እየሞተ ጠቅላይ አዛዡ ይህን ቢያደርግ ማን ይከለክለዋል ያሰኛል። ባለ ፋብሪካዎቹ ግን ከሰሱ፤ ነገሩም ሁለት ወር ሳይሞላው በጠቅላይ ፍርድ ቤት ታይቶ፣ ጁን 2 ቀን ዳኞቹ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ ትእዛዙን ሻሩት። ዘጠኙም ዳኞች በሩዝቬልትና በራሳቸው በትሩማን የተሾሙ ነበሩ፤ ትሩማን ከሾሟቸው ከአራቱም ሁለቱ ፈረዱባቸው።

ምክንያቱም ይህ ነው። በሠራተኛና በአሠሪ መካከል የሚነሣ ጠብ እንዴት እንደሚያዝ ኮንግሬስ በ1947 ሕግ ሲያወጣ፣ መንግሥት ፋብሪካ ይያዝ የሚለውን ሐሳብ አይቶ ትቶት ነበር። ያንን ሕግ ትሩማን ሳይፈርሙ ቢመልሱትም ምክር ቤቶቹ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ አጽንተውታል። በትንቢተ ዳንኤል በስድስተኛው ምዕራፍ ንጉሥ ዳርዮስ ዳንኤልን ለማዳን ፀሐይ እስክትገባ ሲደክም ቢውልም ራሱ ያተመው ሕግ ያዘው፤ ትሩማንን የያዛቸው ግን አልፈርምም ያሉት ሕግ ነው። እርሳቸውም ወዲያውኑ ፋብሪካዎቹን ለባለቤቶቹ አስመለሱ። ሠራተኞቹ ከ50 ቀን በላይ ሥራ አቆሙ። በጦርነት መካከል ሳሉ እንዲህ መታዘዛቸው፣ በበኩሌ፣ ካዘዙት ነገር ሁሉ ይልቅ የሚያስከብራቸው ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ልምጣ። ኮንግሬስ በ2000 ያወጣው አጎዋ የተባለው ሕግ፣ ከሰሐራ በታች ያሉት የአፍሪካ አገሮች ብዙ ዓይነት ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲያስገቡ ፈቀደ። ይሁን እንጂ ዕድሉ ለየትኛው አገር ይገባል፣ ለየትኛው አይገባም የሚለውን በየዓመቱ እየመረመረ እንዲወስን ሥልጣኑን ለፕሬዚዳንቱ ሰጠ። ፕሬዚዳንት ባይደን በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ይደረግ በነበረው ጦርነት ሰብአዊ መብት በብርቱ ተጥሶአል ብለው፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከዚህ ዕድል አስወጡአት። ማሊና ጊኒም በዚያው ቀን ወጡ። ለዚህ የምክር ቤት ድምፅ አላስፈለገም። ውሳኔው ትክክል ነበር አልነበረም የሚለውን ክርክር ለሌላ ጊዜ እተወዋለሁ። ነገር ግን ካስተማርኋቸው ልጃገረዶች ጥቂቶቹ በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ይሰፉ ስለ ነበር ነገሩ ለእኔ የመጽሐፍ ትምህርት ብቻ አልነበረም። በገዛ አገሩ የብረት ፋብሪካ ሁለት ወር እንኳ ይዞ ለመቈየት ያልቻለው ያ ሥልጣን፣ በአንድ ፊርማ ሐዋሳ ድረስ መጥቶ የስፌት መኪና ላይ የተቀመጠችውን ልጅ አገኛት። ልዩነቱ የሰዎቹ ጉልበት አይደለም፤ ትሩማን ያልያዙትን ሕግ ባይደን ይዘው ነበር።

ውሰት ደግሞ ለመስጠት የቀለለውን ያህል ለማስመለስ ይከብዳል። ኮንግሬስ በ1976 ስለ አስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሕግ ሲያወጣ፣ ሁለቱ ምክር ቤቶች ከተስማሙ የፕሬዚዳንቱ ዐዋጅ ያለ እርሱ ፊርማ እንዲቀር ደንግጎ ነበር። በ1983 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሌላ ጉዳይ በቀረበለት ክርክር፣ ለፕሬዚዳንቱ ሳይቀርብ በምክር ቤት ድምፅ ብቻ የሚደረግ እንዲህ ያለ መሻሪያ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ፈረደ። ከዚያ ወዲህ ያዋሱትን ለማስመለስ የተዋሰውን ሰው ፊርማ መጠየቅ ግድ ሆነ።

ይህ በሥራ ላይ ሲውል በ2019 ታየ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ለድንበር አጥር 5.7 ቢሊዮን ዶላር ጠይቀው ኮንግሬስ 1.375 ቢሊዮን ብቻ ስለ ፈቀደላቸው፣ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አውጀው ለሌላ ሥራ የተመደበ ገንዘብ ወደ አጥሩ ለማዛወር ተነሡ። የእንደራሴዎቹ ምክር ቤት ዐዋጁ ይቅር አለ፤ የራሳቸው ፓርቲ ብልጫ የያዘበት የሕግ መወሰኛው ምክር ቤትም በ59 ለ41 ድምፅ ይህንኑ ደገመ። ፕሬዚዳንቱ ግን አልፈርምም ብለው መለሱት። ለማጽናት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ነበርና፣ እንደራሴዎቹ 248 ለ181 ቢሆኑም 38 ድምፅ ጐደላቸው። በሁለቱም ምክር ቤቶች አብላጫው ተቃውሞት ሳለ ዐዋጁ ጸና።

ያም ሆኖ ለውሰቱ ልክ የሚያበጅለት አልጠፋም። በ2003 የወጣ አንድ ሕግ፣ በጦርነትና በአስቸኳይ ጊዜ የተማሪዎችን ብድር ደንብ ለማሻሻል ለትምህርት ሚኒስትሩ ይፈቅዳል። ባይደን በዚህ ሕግ ወደ 400 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ የተማሪዎች ዕዳ ለመሰረዝ ቢነሡ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2023 ሕጉ እስከዚህ አያደርስም ብሎ በ6 ለ3 ድምፅ አገዳቸው። ይኸው ፍርድ ቤት ደግሞ በማግሥቱ ዓመት፣ በ2024፣ ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው ሕገ መንግሥቱ ለእርሱ ብቻ በሰጠው ሥልጣን በሠራው ሥራ በወንጀል አይከሰስም ብሎአል፤ ስለዚህ ዳኞቹን ዘወትር ልጓም ናቸው ብሎ መተማመን አይገባም።

ይህን በክፍል ስናገር አንዲት ተማሪ «ታዲያ እኛ አቤት የምንለው ለማን ነው?» አለችኝ። ስለ ቀረጥ ከሆነ ሕጉ የሚረቀቀው በእንደራሴዎቹ ምክር ቤት ቀረጥና ገቢ በሚመለከተው ኮሚቴና በሕግ መወሰኛው የገንዘብ ኮሚቴ ነው አልኋት። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ፣ የአሜሪካ ዜግነት ያገኙ ወገኖቻችን ድምፃቸውን የሚሰጡት ለፕሬዚዳንቱ ብቻ ሳይሆን ለእነዚሁ ምክር ቤቶች አባሎች ጭምር ስለ ሆነ፣ ደብዳቤ የሚጻፍ ከሆነ አንዱ ግልባጭ ወደዚያ ይሂድ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከይርጋ ዓለም