አንዴ የገባ ኢንሱሊን አይመለስም

የሕክምና ምርምር ሲነሣ በብዙዎቻችን አእምሮ የሚመጣው ጸጥ ያለ፣ ነጭ ጋዋን በለበሱ ሰዎች የተሞላ ክፍል ነው። ሰው ሠራሽ ቆሽት የሚባለውን መሣሪያ ካጋጠሙት ፈተናዎች ሁሉ ይበልጥ አስተማሪ ሆኖ ያገኘነው ግን ልጆች በሚሯሯጡበትና በሚዋኙበት የዕረፍት ጊዜ ካምፕ የተካሄደው ነው።

ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ ቆሽቱ ኢንሱሊን አያመነጭም፤ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሕዋሳት የገዛ ራሱ የመከላከያ ሥርዓት አጥፍቷቸዋልና። እ.ኤ.አ. በ1922 በካናዳ ቶሮንቶ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንሱሊን በመርፌ እስከተሰጠው ድረስ ይህ ሕመም የሞት ፍርድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሌላ ሥጋት ተተካ። መድኃኒቱ ከልኩ ሲያልፍ የደም ስኳር ያሽቆለቁላል፤ አንጎልም ምግቡን ያጣል። ቀን ሲሮጥ የዋለ ልጅ ጡንቻዎች ደግሞ ሌሊቱንም ከደሙ ስኳር መሳባቸውን አያቆሙም። በእነዚህ ካምፖች ተንከባካቢዎች በእኩለ ሌሊት ባትሪ ይዘው ከአልጋ ወደ አልጋ እየዞሩ የልጆቹን ጣት የሚወጉት ስለዚህ ነው።

መሣሪያው ከቆዳ ሥር ሆኖ በየ5 ደቂቃው ስኳርን የሚከታተል መለኪያ፣ ልኬቱን ተቀብሎ የሚያሰላ አነስተኛ ኮምፒዩተርና ኢንሱሊን የሚያንጠባጥብ ፓምፕ አለው። የፊዚክስ ተማሪ ይህን ሲሰማ «ይህማ የማቀዝቀዣ ቴርሞስታት ነው፤ ምኑ ይከብዳል?» ይለናል።

የሚከብደው በመጀመሪያ መዘግየቱ ነው። ለትምህርት በውጭ አገር ሳለን የምንኖርበት ሕንፃ ሙቅ ውኃውን ከምድር ቤት በረጅም ቧንቧ ያመጣ ነበር። ሻወር ስንገባ ውኃው ቀዘቀዘ ብለን ሙቁን እንጨምራለን፤ ለውጥ የለም፤ እንደገና እንጨምራለን፤ ጥቂት ቆይቶ ቆዳችን ይቃጠላል። ጥፋታችን ያዘዝነው ሳይደርስ ሌላ ማዘዛችን ነበር። ፈጣን የሚባለው ኢንሱሊን እንኳ ከቆዳ ሥር ገብቶ ሙሉ ጉልበቱን የሚያሳየው ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ነው፤ ከዚያም ለሰዓታት መሥራቱን ይቀጥላል።

ከመዘግየቱ የሚከፋው ግን አለመመለሱ ነው። የማቀዝቀዣው ሞተር ቢጠፋ የክፍሉ ሙቀት ራሱ ነገሩን ያስተካክለዋል። ፓምፑ ቢቆም ግን ቀድሞ የገባውን ኢንሱሊን መልሶ የሚቀዳው የለም። ያለው ፍሬን አንድ ብርጭቆ ጭማቂ ነው፤ እርሱን ለመጠጣት ደግሞ ልጁ መንቃት አለበት።

በቦስተን ዩኒቨርሲቲ መሐንዲስ የነበሩት ኤድ ዳሚያኖ፣ ልጃቸው ገና ሕፃን ሳለ በዚህ ሕመም የተያዘባቸው አባት፣ ለመሣሪያው ፍሬን ሊሠሩለት ተነሡ። ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር እንዲለቅ የሚያዝዘውን ግሉካጎን የተባለ ሆርሞን የሚሰጥ ሁለተኛ ፓምፕ ጨመሩ። ከሐኪሙ ስቲቨን ራስል ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2013 ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ በስኳር ሕሙማን ልጆች ካምፕ፣ 32 ወጣቶችን 5 ቀን በመሣሪያው፣ 5 ቀን ደግሞ በተለመደው ፓምፕ አዋሏቸው። በ2014 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው አማካዩ ስኳር ከ157 ወደ 138 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወረደ። አማካዩ ሲወርድ አደገኛው መውደቅ ይበዛል ብለን እንጠብቅ ነበር፤ ነገር ግን ስኳሩ ወርዶ ልጁን ለመርዳት ጣልቃ የተገባበት ጊዜ በግማሽ ቀነሰ።

ኢንሱሊን ብቻ የሚሰጠውም መሣሪያ ቢሆን የሚናቅ አይደለም። በእስራኤል፣ በስሎቬንያና በጀርመን ካምፖች ተሞክሮ በ2013 በታተመ ጥናት፣ የሌሊት ስኳር ከ63 በታች የወረደው በተለመደው ሕክምና 22 ጊዜ ሲሆን በመሣሪያው 7 ጊዜ ነበር። ቀድሞ ማቆምን የሚያውቅ ፓምፕ ብዙ ያድናል ማለት ነው። ሆኖም 7 ዜሮ አይደለም።

ከዳሚያኖ ሥራ የተወለደው አይሌት የተባለው መሣሪያ በግንቦት 2023 በአሜሪካ ከ6 ዓመት ጀምሮ ላሉ ሕሙማን ሲፈቀድ ኢንሱሊን ብቻ የሚሰጥ ሆኖ ነው። ፍሬኑ ቀርቷል። ስሌቱ አልከበደም፤ በካምፑ ሙከራ ስሌቱን የሠራው አንድ አይፎን ስልክ ነበር። ያስቸገረው ግሉካጎን ነው፤ ውኃ ውስጥ ሲሟሟ ሞለኪውሎቹ እየተጣበቁ ስለሚበላሽ በየቀኑ በአዲስ መተካት ነበረበት። እኛ እንደሚመስለን «ሰው ሠራሽ ቆሽት» የሚለው ስም ይህን ጎዶሎ ይሸፍናል፤ ወጣት ተመራማሪዎችም ችግሩ ያለቀ መስሏቸው ወደ ሌላ ይሄዳሉ። ቢያንስ በኬሚስትሪው በኩል መንገዱ ተከፍቷል፤ ሳይበጠበጥ የሚቆይ ፈሳሽ ግሉካጎን ለድንገተኛ ጊዜ መርፌነት በ2019 በአሜሪካ ተፈቅዷል።

ኢንሱሊኑና የመለኪያ ወረቀቱ ራሱ ለብዙ የአገራችን ቤተሰቦች ፈተና ሆኖ ሳለ ስለ ፓምፕ ማውራት ቅንጦት ነው የሚሉን ይኖራሉ። ለእነዚያ ቤተሰቦች ወረቀቱ ይቅደም የሚለውን እኛም እንቀበላለን። የግሉካጎኑ ጉዳይ ግን ፓምፕ አይቶ የማያውቀውንም ልጅ ይመለከታል። ራሱን ለሳተ ልጅ በአፉ ስኳር ማጉረስ ሊያንቀው ይችላል፤ በዚያ ሰዓት እናቱ እቤት ውስጥ ሆና ልታደርግለት የምትችለው አንድ ነገር የግሉካጎን መርፌ ነው። ርካሽና ሙቀት የማይበግረው ግሉካጎን የሚሠራ ሰው ለካምፑ ልጅ ፍሬኑን ሲመልስለት፣ ለዚህች እናትም መርፌውን ያደርስላታል።