ከሐኪም የሚደበቅ ሲጃራ

አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ትርፍ አንጀቱ ታምሞ መካነ ሰላም ሆስፒታል ገባ እንበል። ኦፕራሲዮኑ ለነገ የማይባል ነው። የማደንዘዣው ባለሙያ «ሲጃራ ታጨሳለህ ወይ?» ሲለው፣ አባቱ ከራስጌው ቆመዋልና «ኧረ በጭራሽ!» ይላል። በወሎ ደጋ ሽማግሌ ጋያውን ቢስብ ማንም ምንም አይለውም፤ ልጅ በአባቱ ፊት ሲጃራ መለኮሱ ግን ነውር ነው። ይህን አክብሮት እኛም አንነቅፍም፤ የምንነቅፈው ከኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ድረስ ተከትሎት መግባቱን ነው።

በሙሉ ማደንዘዣ ለሚተኛ ሰው ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ጡንቻን የሚያላላው ነው። የሆድ ጡንቻ ካልላላ ሐኪሙ መሥራት ይቸግረዋል፤ ላልቶ ከቀረ ደግሞ በሽተኛው በራሱ መተንፈስ ያቅተዋል። ከነርቭ ወደ ጡንቻ ትእዛዝ የሚያደርሰው አሴቲልኮሊን የተባለው ቅመም ሲሆን፣ ቬኩሮኒየምን የመሰሉት መድኃኒቶች የእርሱን መቀበያ ይዘጋሉ። ኒኮቲንም የሚያርፈው በዚሁ ዓይነት መቀበያ ላይ ስለሆነ ሊቃውንት በኒኮቲን ስም ጠርተውታል። አጫሾች ቬኩሮኒየም በዛ ያለ እንደሚሹ ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ በሌሎቹ መድኃኒቶች ግን ውጤቱ አንድ አይደለም። እንግዲህ ባለሙያው «ለአጫሽ ይህን ያህል ጨምር» የሚል ቁርጥ ሕግ የለውም። የጡንቻውን ምላሽ የሚለካ መሣሪያ ከሌለውማ በዓይኑና በእጁ፣ በሰማውም ቃል መመዘኑ ነው።

ነገሩ በጡንቻ ብቻ አያበቃም። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል 2,600 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ አየሯ ስስ ነው። በሲጃራ ጢስ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ኦክሲጅን ሊይዘው የሚገባውን የደም ስፍራ ይሻማል። ከደም ውስጥ በግማሽ እስኪቀንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ቀጠሮ የተሰጠው ሰው አንዲት ቀን እንኳ ቢታገሥ ይጠቀማል፤ 4 ሳምንትና ከዚያ በላይ ቢተው ለሳንባውም ለቁስሉም የተሻለ ነው። (ይህን ስንጽፍ ከመካከላችን ኪሱን የዳበሰ አልጠፋም።)

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በጤና ተቋም ማጨስን ከልክሏል። ወጣቱም ሲጃራውን ከበሩ ላይ ጥሎ ይገባል፤ ጢሱ ግን በደሙ ውስጥ አብሮት ገብቷል።

እኛ የምንለው፣ አባትየው ለጥቂት ደቂቃ ወደ ውጭ ይውጡና ጥያቄው እንደገና ይቅረብ ነው። ወጣቱም በቀን ስንት ፍሬ እንደሚያጨስ፣ የመጨረሻይቱንም በስንት ሰዓት እንዳጠፋት ይናገር።