የጁዲት ክሮች

ክርና መርፌ የማታውቅ አንባቢ ትኖራለች ብለን አንገምትም። የተረፈ ክር በልቃቂት መጠቅለል፣ የአሮጌ ሹራብ ክር ፈትቶ ለሕፃን ልብስ ማዋል፣ እራፊ በእራፊ ላይ መጣፍ የየቤታችን ሥራ ነው። የዛሬዋ ባለታሪካችንም ከክርና ከእራፊ ሌላ ሀብት ያልነበራት ሴት ናት። ጁዲት ስኮት ትባላለች፤ አሜሪካዊት ነበረች። ፊደል አልቆጠረችም፣ አንደበቷም አልተፈታም፣ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ያስተማራትም ሰው የለም። ሥራዎቿ ግን ዛሬ በኒውዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ቤተ መዘክርና በስዊዘርላንድ በሎዛን ከተማ ይገኛሉ።

ጁዲት በ1943 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በኦሃዮ ክፍለ ሀገር ከእኅቷ ከጆይስ ጋር መንታ ሆና ተወለደች። ጆይስ ያለ እንከን ስትወለድ ጁዲት ግን ዳውን ሲንድሮም የሚባለው፣ የአእምሮን ዕድገት የሚያዘገይ ችግር ነበረባት። በሕፃንነቷ የያዛት ብርቱ ትኩሳት ደግሞ ጆሮዋን እንደወሰደባት ይታመናል። ይህን ያወቀ ግን አልነበረም። ሁለቱ ልጆች እስከ ሰባት ዓመታቸው አብረው ተጫውተው፣ አብረው ተኝተው አደጉ።

በ1950 ጁዲት ለትምህርት መድረሷ ተፈተነ። ፈተናው በቃል ነበር። የማትሰማ ልጅ ለማትሰማው ጥያቄ ምን ትመልስ? ዝምታዋ ካለማወቅ ተቆጠረና መማር አትችልም ተባለ። ወላጆቿም የሐኪሞችን ምክር ተቀብለው በኮሎምበስ ከተማ ላለ የመንግሥት ተቋም ሰጧት። አንድ ቀን ጠዋት ጆይስ ስትነቃ ከጎኗ ማንም አልነበረም። በወላጆቹ ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ሐኪም «ይሻላል» ያለውን እምቢ የሚል ወላጅ በአሜሪካም ቢሆን ጥቂት ነበር።

እዚህ ላይ ለእናቶች አንድ ነገር እናስታውስ። ከጀርባው ሲጠሩት የማይዞር፣ በር ሲንኳኳ የማይነቃ፣ አፉን የሚፈታበት ጊዜ ያለፈበት ልጅ በቤታችሁ ካለ «ዘገየ እንጂ ይናገራል» ብላችሁ አትቀመጡ። ጆሮውን አስመርምሩ። ለጁዲት ይህን ያደረገላት ሰው ባለመኖሩ የደረሰባትን አይታችኋል።

ጁዲት በተቋም ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል ኖረች። ጆይስ ግን አልረሳቻትም። በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ ሁለቱም አርባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ፣ ሕጋዊ ሞግዚትነቷን ተረክባ ወደ ካሊፎርኒያ አመጣቻት። በ1987ም በኦክላንድ ከተማ ክሪኤቲቭ ግሮውዝ ወደሚባል የሥራ ቤት አስገባቻት። ይህ ቤት በ1974 የተመሠረተ ሲሆን፣ አካል ጉዳትና የአእምሮ ዕድገት ችግር ያለባቸው ሰዎች ቀለምና ሸክላ፣ ክርና እንጨት ተሰጥቷቸው የፈለጉትን የሚሠሩበት ነው።

ሁለት ዓመት ገደማ ግን ምንም የረባ ነገር አልታየም። እርሳስ ሲሰጧት ክብ ክብ ትሞነጫጭራለች፤ ቀለም ሲሰጧት ፊቷን ታዞራለች። ደግነቱ ማንም «አትችልም» ብሎ አላባረራትም። በመጨረሻ ሲልቪያ ሰቨንቲ የምትባል የክር ጥበብ ባለሙያ ለማስተማር መጣች። ሌሎቹ መስፋት ሲለማመዱ ጁዲት ጭራሮዎች ሰብስባ በክር ትጠመጥም ጀመር። መምህሯም የተሰጠሽ ሥራ ይህ አይደለም ብላ አልነጠቀቻትም፤ ተወቻት። የጁዲት ዕድል የተከፈተው በዚህ መተው ይመስለናል።

አሠራሯ እንዲህ ነበር። በመጀመሪያ ዕቃ ትለቅማለች፦ የካርቶን ቁራጭ፣ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ወንበር፣ ዓይኗ የገባውን ሁሉ። የማን ነው ብላ አትጠይቅም። እነዚህን አንድ ላይ ታስርና በላያቸው ክር ትጠመጥማለች፤ በክሩ ላይ እራፊ፣ በእራፊው ላይ ሌላ ቀለም ክር፤ ትቋጥራለች፣ ትሸምናለች፣ በክሮቹ መካከል ታሾልካለች። አንዱ ሥራ ሳምንታት፣ አንዳንዱም ወራት ይፈጃል። በውስጥ ያለው ዕቃ ቀስ በቀስ ይሰወርና ከውጭ ትልቅ የሐር ትል ጎጆ የመሰለ ነገር ብቻ ይቀራል። ክር ባጣች ጊዜ የእጅ ማድረቂያ ወረቀት እየጠመዘዘችና እየቋጠረች ሙሉ ነጭ ቅርጽ ሠርታለች። በ2004 ደግሞ የገበያ መደብር ዕቃ መግፊያ ጋሪ እንዳለ ጠቅልላለች። ሥራው አለቀ ስትል ገፋ ታደርገዋለች፤ ዞራም አታየውም፤ ሌላ ትጀምራለች።

ከመጀመሪያ ሥራዎቿ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጣመሩ ስላሉ መንትነቷን የሚያሳዩ ናቸው የሚሉ አሉ። ይሆናል። እርሷ ግን ቃል ስላልወጣት እንዲህ ነው ብሎ መደምደም ያስቸግራል። ለአንዱም ሥራዋ ርእስ አልሰጠችም።

በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ሁለት መቶ ያህል ሥራ ሠርታለች። በ1999 ሥራዎቿ ለሕዝብ ሲታዩ ስለ እርሷ የተጻፈ መጽሐፍም ወጣ። በ2014 የብሩክሊን ቤተ መዘክር ሰፊ ትርኢት አዘጋጀላት፤ በ2017ም በቬኒስ ዓለም አቀፍ የጥበብ ትርኢት ላይ ቀረበች። የኋለኞቹን ሁለቱን ግን አላየችም። መጋቢት 2005 በ61 ዓመቷ በጆይስ ቤት፣ በእኅቷ እቅፍ ውስጥ አረፈች።