የመንገድ ሥራ አስተናባሪዎች በአንድ ትምህርት ሠልጥነው ሊያስመሰክሩ ይገባል

መንገድ የሚሠራው ሰው በደኅና ሄዶ በደኅና እንዲመለስ ነው። እህል ከገበሬው ጎተራ ወደ ገበያ፥ በሽተኛ ከመንደሩ ወደ ሐኪም ቤት፥ ምእመንም ከደብሩ ወደ ገዳም የሚደርሰው በመንገድ ነውና፥ መንገድ ሲጠገንና ሲሰፋ ማየት ሁሉን ደስ ያሰኛል። ዳሩ ግን ለሰው ደኅንነት የታሰበው መንገድ ገና በሚሠራበት ጊዜ ሰው የሚገድል ከሆነ፥ የተጀመረበትን ምክንያት ራሱ አፈረሰ ማለት ነው።

መንገድ በሚቆፈርበት ስፍራ ሁሉ ቀይ ባንዲራ ወይም «ቁም» የሚል ሰሌዳ ይዞ የሚቆም ሠራተኛ አለ። ይህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የቀን ሠራተኛ ነው፤ በጧት ለአካፋ ሥራ መጥቶ ሳለ ባንዲራው ይሰጠዋል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በአውቶቡስ የተሳፈረው ሕዝብ፥ በጕድጓዱ ውስጥ ጎንበስ ብለው የሚሠሩት ባልንጀሮቹ፥ በዳር የሚያልፈው እግረኛና ተማሪ ሕይወታቸው በእጁ ነው። ሾፌሩ ታላቅ ባለሥልጣንም ቢጭን፥ እርሱ ቁም ባለው ጊዜ መቆም ይገባዋል። ይህን የሚያህል ሥልጣን ያለ አንዳች ትምህርት መስጠት ለሠራተኛውም ለመንገደኛውም ግፍ ነው። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ስለ ካህን ብቻ አይደለም።

ሥራው ቀላል የሚመስለው ለማያውቀው ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 22 ሜትር ይጓዛል። ሾፌሩ ምልክቱን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ሁለት ሴኮንድ ቢፈጅበት፥ መኪናው ገና መቀዝቀዝ ሳይጀምር 44 ሜትር ያልፋል፤ በዚህ ላይ የጭነቱ ክብደት፥ የቍልቍለቱ ኀይልና የክረምቱ ርጥበት ይጨመራል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው በጕድጓዱ አፍ ላይ ሳይሆን አስቀድሞ በሩቅ መተከል አለበት። ሰሌዳዎቹ ሲተከሉ ከሩቁ ተጀምሮ ወደ ሥራው ይቀረባል፤ ሲነሡም ከሥራው ተጀምሮ ወደ ሩቁ ይኬዳል። አስተናባሪው በመኪና መሄጃው መካከል አይቆምም፤ በዳር ቆሞ፥ ፊቱን ወደሚመጣው መኪና አዙሮ፥ አደጋ ቢመጣ የሚሸሽበትን ስፍራ አስቀድሞ ያያል። መኪናዎች በአንድ ወገን ብቻ በየተራ በሚያልፉበት ስፍራ ሁለት አስተናባሪዎች በሁለቱ ጫፍ ይቆማሉ፤ አንዱ ማስቆሙ ሳይረጋገጥ ሁለተኛው ሊለቅ አይገባውም። ይህ ሁሉ በጥቂት ቀን ትምህርት የሚገኝ እውቀት ነው፤ ያለ ትምህርት ግን በሰው ሞት ብቻ ይታወቃል።

ምልክት ማለት ቋንቋ ነው። በአንዱ ስፍራ ቀይ ጨርቅ፥ በሁለተኛው የዛፍ ቅርንጫፍ፥ በሦስተኛው የድንጋይ ክምር ማስጠንቀቂያ ከሆነ፥ ሾፌሩ በየወረዳው አዲስ ቋንቋ ተማር እንደ ተባለ ሰው ይሆናል። ከሁሉ ይልቅ ድንጋዩ ክፉ ነው፤ በሌሊት አይታይም፥ ሥራው ሲፈጸምም የሚያነሣው ሰው ሲታጣ ራሱ የአደጋ ምክንያት ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መግለጫ በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገልጿል፤ ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት እግረኞች፥ ብስክሌተኞችና የሞተር ብስክሌት ነጂዎች ናቸው። በመንገድ ሥራ ስፍራ ያለ መከታ የሚቆመው ሠራተኛም ከሞት ጋራ ያለው ርቀት ከእግረኛው የተሻለ አይደለም።

አገራችን በመንገድ ነገር አንድ ሥርዓት ማቆም አያቅታትም። በጥር 1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በዐዋጅ ሲቋቋም፥ በየስፍራው ተበታትኖ የነበረው ሥራ አንድ ኀላፊ አገኘ። በሰኔ 1956 ዓ.ም. ደግሞ በግራ ይነዳ የነበረው መኪና ሁሉ በቀኝ እንዲነዳ ሲታዘዝ፥ አንዱ አውራጃ በግራ ሌላው በቀኝ ይንዳ ያለ የለም፤ እንዲህ ያለው ነገር በከፊል የማይሆን መሆኑን ሁሉ ያውቀዋልና። ለመሣሪያ ነጂውና ለመካኒኩም በዓለም ገና የማሠልጠኛ ስፍራ ተዘጋጅቶ ብዙዎች ተምረውበታል። መሣሪያውን ለሚነዳው የታሰበው እውቀት፥ መሣሪያው ሲሠራ ሕዝቡን ለሚጠብቀውም ሊታሰብ ይገባል።

ተምሮ ማስመስከርም ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። ድጓ የተማረ ሊቅ መምህር ለመሆን ሲሻ በጋይንት ቤተ ልሔም ገብቶ ያስመሰክራል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የተማረውም ወደ ዙር አምባ ይወጣል። ያስመሰከረ ሰው ወደ የትኛውም ደብር ቢሄድ ማን እንዳስተማረው ከታወቀ እንደ ገና ተፈተን አይባልም። በጎንደር የተማረ ዲያቆንም በሐረር ገብቶ ለመቀደስ አይቸገርም፤ ሥርዓቱ አንድ ነውና። እኛም ለመንገድ ሥራ አስተናባሪው የምንሻው ይህንኑ ነው።

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የመንገድ ሥራ ሕግ፥ ለውሃ፥ ለመብራት፥ ለስልክና ለመሳሰለው መንገድ የሚቆፍር ድርጅት ሥራውን ብቃቱ በተመሰከረለት ተቈጣጣሪ እንዲያሠራ፥ ሥራው በሚሠራበት ሰዓት ሁሉም ቢያንስ አንድ የሠለጠነ ሠራተኛ በስፍራው እንዲገኝ ያዝዛል። የምስክር ወረቀቱም ለአምስት ዓመት ብቻ የሚጸና ነው። በእኛም ከተሞች አንዱን ጎዳና ዛሬ የመንገድ፥ ነገ የውሃ፥ ከነገ ወዲያ የስልክ ሠራተኛ ስለሚቆፍረው፥ ትምህርቱ ለአንዱ መሥሪያ ቤት ብቻ ቢሰጥ አይበቃም።

አንዳንዶች ምናልባት «የቀን ሠራተኛ ዛሬ መጥቶ ነገ ስለሚሄድ ለእርሱ የሚወጣው ገንዘብ ከንቱ ነው» ይሉ ይሆናል። ይህ አባባል ፍሬ ነገሩን ይስታል። የምስክር ወረቀቱ የተቋራጩ ሳይሆን የሠራተኛው ገንዘብ ሲሆን፥ ሰውየው በሄደበት እውቀቱ አብሮት ይሄዳል፤ አገር ምንም አትከስርም። እውነተኛው ችግር ሌላ ነው። የጥበቃው ወጪ በጠቅላላው የሥራ ዋጋ ውስጥ ተሸፍኖ ሲቀር፥ ለሰው ሕይወት የሚጠነቀቀው ተቋራጭ ዋጋው ከፍ ብሎ ይሸነፋል፤ ቸልተኛው ግን ጨረታውን ይወስዳል። ስለዚህ ምልክቱ፥ አንጸባራቂው ልብስና የአስተናባሪው ደመወዝ በውሉ ውስጥ ለብቻው ተቈጥሮ እንዲከፈል፥ ሳይሠራም ሲቀር እንዲቀነስ ሊደረግ ያስፈልጋል።

የሙያ ደረጃ ማውጣትና የብቃት ምዘና መስጠት በአገራችን የታወቀ አሠራር ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርም ለዚህ ነገር ቅርብ ነው። የሚቀረው ይህ አሠራር በፀሐይና በዝናብ ባንዲራ ይዞ እስከሚቆመው ሰው ድረስ እንዲወርድ ማድረግ ነው። ትምህርቱ ለፌዴራሉም ለክልሉም መንገድ አንድ ይሁን፤ ሠራተኛው በሚሰማው ቋንቋና በሥዕል ይሰጥ፤ ፈተናውም በወረቀት ብቻ ሳይሆን በመንገድ ዳር ይሁን። በአንዱ ክልል የተሰጠው ምስክር በሌላው የተከበረ ይሁን፤ ያልተመሰከረለት ሰው የቆመበት ሥራም መሐንዲሱ ሳይፈቅድ አይጀመር።

ካህናትም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። ጕድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው ለወደቀው በሬ ወይም አህያ ባለቤት እንዲከፍል በኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 21 መታዘዙን ያውቃሉ። ለእንስሳ እንዲህ ከታሰበ፥ በእግዚአብሔር አርአያ ለተፈጠረው ሰው ምን ያህል ሊታሰብ ይገባል! ሕዝቡ ባንዲራ ያዡን እንደ ተራ ሰው ሳይንቀው እንዲታዘዘው በዐውደ ምሕረት ቢመክሩ፥ ምክራቸው ብዙ ነፍስ ያድናል። ሹማምንቱ ደግሞ የሚቀጥለውን የሥራ ውል ከመፈረማቸው በፊት፥ በዚያ መንገድ ላይ ባንዲራውን የሚይዘው ማን እንደ ሆነ፥ ከማንስ እንደ ተማረ ይጠይቁ።