ሁለት ኬብል መኖሩ ብቻ ዋስትና አይሆንም
ሐረር ከኔትወርክ መቋረጥ ምን ትማራለች?

የጁገል ግንብ አምስት ጥንታውያን በሮች አሉት። ሸዋ በር ቢዘጋ መንገደኛው በፈላና፣ በቡዳ፣ በሰንጋ ወይም በኤረር በር ዞሮ ጊደር መጋላ ይደርሳል። መንገዱ ይረዝምበት ይሆናል እንጂ ገበያው አይቀርበትም። ዛሬ ክፍያ፣ የባንክ ሒሳብና የመንግሥት መዝገብ የሚመላለሱበት ኔትወርክስ እንደ ጁገል ብዙ በር አለውን? ጥያቄው የቴክኖሎጂ ባለሙያውን ያህል አርሶ አደሩንም ይመለከታል።

ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 2015 ዓ.ም.፣ የነዳጅ ግብይት በመላ አገሪቱ በዲጂታል ክፍያ እንዲሆን ተደረገ። ስለዚህ ኔትወርክ ሲቋረጥ ማደያ ይቆማል፤ ማደያ ሲቆም መኪና ይቆማል፤ የውኃ ፓምፕም ያለ ናፍጣ ይቀራል። ከተቆረጠ ሁለት ቀን ሳይሞላው ዋጋው የሚወድቀው ጫትም ሆነ ሙቀት የማይችለው ወተት ኔትወርኩ እስኪመለስ አይጠብቅም።

በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኮምፒዩተሮችን የሚያገናኘው መሣሪያ ስዊች ይባላል። ከየአቅጣጫው የመጣውን መልእክት ተቀብሎ ወደ ባለቤቱ ስለሚልክ የኔትወርኩ መጋላ ልንለው እንችላለን። ሁለት ስዊቾችን በአንድ ኬብል ማገናኘት ቀላል ነው፤ ኬብሉ በተበጠሰ ጊዜ ግን ሁሉም ነገር ይቆማል። ያለ ቅንብር ሁለተኛ ኬብል መጨመር ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ መልእክቱ በሁለቱ መካከል እየዞረና እየተባዛ ኔትወርኩን ያፍነዋል። ይህን ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ1985 ራድያ ፐርልማን የተባለች አሜሪካዊት መሐንዲስ አንዱን መስመር ሥራ አስፈትቶ በተጠባባቂነት የሚያቆይ ዘዴ ፈጠረች። ዘዴው አስተማማኝ ቢሆንም የቀድሞው ዓይነት ወደ ተጠባባቂው መስመር ለመሻገር ከ30 እስከ 50 ሰከንድ ይወስዳል፤ ሁለተኛው ኬብልም እስከዚያ ያለ ሥራ ይቀመጣል።

እ.ኤ.አ. በ2000 ደረጃ የወጣለት መስመሮችን የማጣመር ዘዴ ሁለቱንም ኬብሎች በአንድነት ያሠራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ እያንዳንዳቸው 1 ጊጋቢት የሚያስተላልፉ ሁለት መስመሮች በድምሩ የ2 ጊጋቢት አቅም ይሰጣሉ። አንድ ተጠቃሚ የሚያወርደው አንድ ፋይል በአንዱ መስመር ብቻ ስለሚያልፍ ፍጥነቱ እጥፍ አይሆንም፤ ጥቅሙ የሚታየው ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጠቀም ነው። አንዱ ኬብል ቢበጠስ ሌላው ሸክሙን ወዲያው ይረከባል። ኬብሉ ያልተበጠሰ መስሎ መልእክት ማሳለፉን ሲያቆም ግን ጉዳቱን የሚለዩት ስዊቾቹ እርስ በርስ በሚለዋወጡት የደህንነት ምልክት ነው። ምልክቱ በየሰከንዱ እንዲላክ ከተቀናበረ ብልሽቱ በ3 ሰከንድ ይታወቃል፤ በየ30 ሰከንዱ ከሆነ እስከ 90 ሰከንድ ይዘገያል። ይህን ሁሉ ልዩነት የሚያመጣው የባለሙያው አንድ ትእዛዝ ነው።

ይሁን እንጂ ሁለቱ ኬብሎች በአንድ ቦይ ከተቀበሩ አንድ ዶማ ሁለቱንም ይቆርጣል። ሁለቱም የሚገቡት ወደ አንድ ስዊች ከሆነም ስዊቹ ሲበላሽ አብረው ዋጋ ያጣሉ። በሮቹ ሁሉ ክፍት ሆነው መጋላው ቢዘጋ ገበያ እንደማይኖር ማለት ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ተቋም ሁለት ስዊች፣ ሁለት የተለያየ መንገድና ሁለት የኃይል ምንጭ ያዘጋጃል።

ይኸው እውነት ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ እስከ ባሕር ይዘልቃል። ባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያ ከዓለም ኢንተርኔት ጋር የምትገናኘው በጅቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን አቅጣጫ በተዘረጉ መስመሮች ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር፣ በዚያው ዓመት ግንቦት ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ ጠረፍ አጠገብ የባሕር ውስጥ ኬብሎች ተቆርጠዋል። በግንቦቱ አደጋ ኢሲና ሲኮም የተባሉት ሁለት ኬብሎች በአንድ ጊዜ በመቋረጣቸው በርካታ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ኢንተርኔታቸው ተዳክሟል። በአንድ ሥፍራ የሚያልፉ ብዙ ኬብሎች ለአንድ አደጋ የተጋለጡ ናቸው።

ለሐረር ነዋሪ ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ከተማዋ ውኃዋን ትቀዳ የነበረው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር፤ ሐይቁ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሲደርቅ በአንድ ምንጭ ላይ መደገፍ የሚያስከፍለውን ዋጋ በየቤቱ ባዶ ጀሪካን ይዞ ያየው ሕዝብ ነው።

የመጠባበቂያ መስመር ትልቁ ድካም ዝምታው ነው። አንዱ ኬብል ሲሞት ሌላው ስለሚሸፍንለት ማንም አያስተውልም፤ ሁለተኛው ሲከተለው ግን ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። ስለዚህ ባንኮች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ስለ ኬብሎቻቸው ብዛት ብቻ መናገራቸው በቂ አይደለም። ኬብሎቹ የሚያልፉበት መንገድ የተለያየ መሆኑን፣ ብልሽት ሲደርስ ማን እንደሚነገረውና መጠባበቂያው በተግባር የተፈተነበትን ቀን ሊያስረዱ ይገባል። ፈተናውም ከባድ አይደለም፤ ተገልጋይ በሌለበት ሰዓት አንዱን ኬብል ሆን ብሎ መንቀልና ሥራው መቀጠሉን ማየት ነው።